ጅማ ላይ ከኪራይ ቤት ትልልቅ እቃ በትንሽ ወጪ እንዴት ላውጣ? ቁም ሳጥኑ በበሩ አልወጣ አለኝ

የበቾ ቦሬዋ

ሰላም የጅማ ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን በናታችሁ አንብባችሁ አንድ ነገር በሉኝ፣ ቀኑ እየሄደብኝ ነው። በቾ ቦሬ ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ አራት አመቴ ነው፣ አሁን ስራ ቀይሬ ሀዋሳ ልገባ ስለሆነ ሰኔ 30 ቤቱን ማስረከብ አለብኝ። ሀዋሳ ያገኘሁት አንድ ክፍል ነው፣ አልጋዬን፣ ፍሪጄንና የልጄን እቃ ብቻ ነው የምወስደው። የቀረው ቤቱን ሞልቶ ቁጭ ብሏል፦ አንድ ባለ ሶስት በር ቁም ሳጥን፣ አንድ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ አንድ የቺፕውድ ቡፌ፣ አንድ ባለ 1 ሜትር ከ50 የፎም ፍራሽ።

እንቅልፍ የነሳኝ ቁም ሳጥኑ ነው። እኔ የገዛሁት አይደለም፣ ከኔ በፊት የነበረው ተከራይ ጥሎት የሄደ ነው፣ ስገባ አከራዬ "ልብስሽን አድርጊበት፣ ለኔም ሸክም ነው" ብለውኝ ዝም ብዬ ተጠቀምኩበት። አሁን ቤቱን ሊያሳድሱ ስለሆነ "ባዶ አድርገሽ አስረክቢኝ፣ የቀረ እቃ ካለ ማስወጫውን ከመያዣው ላይ እቆርጣለሁ" አሉኝ። እሺ ብዬ ከመንገድ ላይ ሁለት ልጆች ጠራሁ፣ ጎተቱት፣ አዘነበሉት፣ በቁሙም በጎኑም ሞከሩት፣ ግማሹ ከበሩ ሲወጣ ፊት ለፊት ያለው የኮሪደሩ ግድግዳ ይይዘዋል፣ አይዞርም። ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 ነው፣ ኮሪደሩ አንድ ሜትርም አይሞላ። ጎረቤቶቼ እንዳሉኝ ድሮ አናጺ መጥቶ እዛው ክፍሉ ውስጥ ነው የሰራው። ልጆቹ "በመጥረቢያ ሰባብረን እናውጣልሽ፣ 1500 ክፈይን" አሉኝ፣ ለሞከሩበት 300 ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

እውነቱን ለመናገር ብሩ ብቻ አይደለም፣ ሆዴ እምቢ ብሎኝ ነው። እንጨቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ የመሀለኛው በር ጀርባ ላይ አናጺው በእርሳስ የጻፋቸው ቁጥሮች እስካሁን አሉ፣ ልጄ በነሱ ነው ቁጥር መቁጠር የለመደችው። ግን ለመኪናው ከፍዬ እጄ ላይ የቀረኝ ትንሽ ነው። ሶፋውን ቴሌግራም ላይ ለጥፌ አስር ሰው "ስንት ነው" ብሎ ጠየቀ፣ አንድም የመጣ የለም። ምን ላድርግ? እናንተ እንዴት ነው የተገላገላችሁት?

የሂርማታ ልጅ

እህቴ በመጥረቢያ እንዳታስነኪው!! ሌላውን ሌላ ሰው ይነግርሻል፣ እኔ ስለ ሶፋው ልንገርሽ። ሰኔ ላይ ስለሆነ ነው ያልመጡት። በዚህ ሰሞን የዩኒቨርሲቲው ሰው፣ ኮንትራቱ ያለቀ ሁሉ እቃውን አንድ ላይ ነው የሚያወጣው፣ ገበያው ሶፋ በሶፋ ይሆናል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ቢሆን ተሻምተው ነበር የሚወስዱልሽ። ስለዚ ዋጋውን አትጠብቂ፣ "ራሱ ጭኖ ለሚወስድ" ብለሽ ዝቅ አድርገሽ ልቀቂው። ፎቶውን ደሞ ቀን በር ከፍተሽ አንሺ፣ ርዝመቱን በሜትር ጻፊ፣ የተቀደደ ካለ እሱንም አሳዪ፣ ሰው መጥቶ አይቶ የሚመለሰው እዛ ላይ ነው። ቆራሌው ያነሳልኛል ብለሽም አትጠብቂ፣ እነሱ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ፕላስቲክ ነው እንጂ ሶፋ የት ያደርሱታል።

ሀሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው፣ ከገጠር ጭነው የመጡ መኪኖችና ጋሪዎች ከሰአት በኋላ ባዶ ነው የሚመለሱት። እነሱን ብታናግሪ በሌላ ቀን ከምትከፍይው በግማሽ ይወስዱልሻል። እኔ ጠረጴዛና ሁለት አልጋ ያወጣሁት እንደዛ ነው።

ዋንዛ እና ቀረሮ

ልጄ፣ እኔ አናጺ ነኝ፣ ጅማ ውስጥ እንጨት ስገፋ ሀያ ስድስት አመት ሆነኝ፣ ያንቺን ሳነብ ስራዬን አቁሜ ነው የምጽፍልሽ። ቀላ ያለ ቡናማ ካልሽ፣ በርሳስ የተጻፈበት የድሮ ስራ ከሆነ ዋንዛ ነው ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ አረጋግጪ፦ ከታች በማይታይ ቦታ በቢላ ትንሽ ፋቂው። ቫርኒሹ ሲነሳ ውስጡም ያው ቀለም ከሆነና የእንጨቱ መስመር ወደ ውስጥ የሚቀጥል ከሆነ ጣውላ ነው። ቺፕውድ ከሆነ ጠርዙ ላይ የተጨመቀ ሰጋቱራ ታያለሽ። ደሞ ዋንዛ ለትልቀቱ ቀላል ነው፣ አንዱን በር ነቅለሽ ብታነሺው ይገርምሻል። ዝግባና ቀረሮ ከሆነ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ እሱም አይጣልም።

ዋንዛ ከሆነ እቃውን ሳይሆን እንጨቱን ነው የምትሸጪው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከተፈጥሮ ጫካ መቁረጥ ከተከለከለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ስለዚህ የደረቀ የድሮ ዋንዛ የሚያገኝ አናጺ ደስ ብሎት ነው የሚገዛው። አዲስ የተሰነጠቀ እንጨት ገና ይደርቃል፣ ይጣመማል፣ ያንቺ ግን ሰላሳ አርባ አመት ቤት ውስጥ ቆሞ የደረቀ ነው፣ የጅማን ዝናብና እርጥበት ችሎ ምስጥም ሳይደፍረው የኖረ። ሰው የጅማ በርጩማ ይሰራበታል ይላል፣ አይደለም፣ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ነው የሚወጣው። ከቁም ሳጥን ጣውላ የሚሰራው ረከቦት፣ የመስታወት ፍሬም፣ ኮመዲኖ፣ ትንንሽ ጠረጴዛ ነው።

አፈታቱ ደሞ እንዲህ ነው፣ መጥረቢያ ሳይሆን ካቻቪቴ፣ ፒንሳና መዶሻ ይዘሽ። መጀመሪያ በሮቹን ከማጠፊያቸው ፍቺ፣ ብሎኑ ዝጎ እምቢ ካለ ዘይት ጠብ አርገሽበት ቡና እስክታፈዪ ተዪው። ቀጥሎ መደርደሪያዎቹንና የኮት መስቀያውን ዘንግ አውጪ። ከዛ ጀርባው፣ ኮምፔርሳቶ ነው፣ በትንንሽ ምስማር ነው የሚመታው፣ ከውስጥ በኩል በእጅሽ መዳፍ ቀስ እያልሽ ብትገፊው ይለቃል። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ ቁም ሳጥን ቀጥ ብሎ የሚቆመው በጀርባው ነው፣ ጀርባው ሲነሳ ወደ ጎን መዘንበል ይጀምራል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ጎኑን መያዝ አለበት፣ ልጅሽ ደሞ ክፍሉ ውስጥ አትሁን። የድሮ ስራ ብዙ ጊዜ በምላስ (የአንዱ ጣውላ ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ) እና በኮላ ነው የተያያዘው፣ መዶሻውን በቀጥታ አታሳርፊበት፣ ቁራጭ እንጨት አስደግፈሽ ከውስጥ ወደ ውጪ ቀስ በቀስ ምቺ፣ የደረቀ ኮላ ጭው ብሎ ይለቃል። ብሎኑን በፌስታል አጠራቅሚ፣ እያንዳንዱ ጣውላ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ፣ ምናልባት መልሶ የሚገጥመው ሰው ይመጣ ይሆናል። ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ስራ ነው። እንደዛ ሆኖ ያ ጠባብ ኮሪደር ምንም አያደርግሽም፣ ጣውላ በጣውላ ይወጣል።

ወይ ደሞ አናጺ ጥሪና "ራስህ ፈተህ ውሰድ፣ ይሄን ያህል ስጠኝ" በዪው፣ አንድ ሰው ጋ ብቻ አትቁሚ፣ ቢያንስ ሶስት እንጨት ቤት ጠይቂ፣ የመጀመሪያው የሚጠራልሽ ዋጋ ሁሌም የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ሶፋውን ለሶፋ ጠጋኞች አሳዪ፣ ጨርቁ ባይረባም ፍሬሙና ስፖንጁ ለነሱ ስራ ነው።

ቢላል ከፈረንጅ አራዳ

እኔ ምን አጨቃጨቀኝ፣ ቡፌውንና ፍራሹን ማታ በጋሪ አስጭነሽ አዌቱ ወንዝ ዳር አስጥይው፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ 200 ብር በቂ ነው።

የመንደራ እናት

ቢላል ወንድሜ ይሄን ነገር ተው። እኔ ከወንዙ ብዙ አልርቅም። ባለፈው ክረምት ሰው የጣለው ፍራሽ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ውሀውን ዘግቶት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ ዝናቡ ግቢያችን ገባ፣ በአንድ ምሽት የሶስት ቤት ዱቄትና የልጆች ደብተር ነው የበሰበሰው። ጠዋት ወንዶቹ በመቆፈሪያ እየጎተቱ ሲያወጡት አራት ሰው ነው የተሸከመው፣ ፎም ውሀ ሲጠጣ ድንጋይ ነው የሚሆነው። እዛ ካልቀረ ደሞ ታች ቦዬ ረግረግ ነው የሚደርሰው። የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ እኮ አለ፣ ከ1999 ጀምሮ፣ ያልተፈቀደ ቦታ መጣል ያስቀጣል። ቅጣቱን ተዪውና ሰው ነው ከታች የሚኖረው።

እህቴ ስለ ፍራሹ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳታፍሪብኝ። ትኋን አለው ወይ? ስፌቱን ዙሪያውን ገልጠሽ በባትሪ እዪ፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ እንደ በርበሬ ዘር ያለ ነገር፣ የቆዳው ገለፈት ካለ አለበት ማለት ነው። ካለበት ለማንም እንዳትሰጪ፣ ለድሀ ነው ብለሽም እንዳትሰጪ። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል፣ እኔ ከሰው የተቀበልኩት አንድ ትራስ ነው ቤቴን አመት ሙሉ ያሰቃየኝ። በጋ ቢሆን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለሽ ፀሀይ ላይ ታሰጪው ነበር፣ በሰኔ የጅማ ፀሀይ ግን አትበቃም፣ እስከ 50 ዲግሪ ግድም ውስጡ ድረስ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ትኋን ካለበት ጨርቁን አውልቀሽ በፈላ ውሀ እጠቢ፣ ፎሙን በላስቲክ አስረሽ "ትኋን አለው" ብለሽ በትልቁ ጽፈሽ ለከተማው ቆሻሻ አንሺዎች ትንሽ ጉርሻ ጨምረሽ ስጪያቸው። እንዳታቃጥዪው ደሞ፣ የፎም ጭስ መርዝ ነው፣ ያፍናል።

ንፁህ ከሆነ ግን አልሀምዱሊላህ ፈላጊው ብዙ ነው። መስጊድ ለደረሶች (ለሀይማኖት ተማሪዎች) ማደሪያ ይቀበላሉ፣ ቤተክርስቲያንም እንደዛው። ጠዋት ቡና ላይ ጎረቤት ሰብሰብ ሲል ተናገሪ፣ ቴሌግራም ላይ ሳምንት የፈጀ ነገር በሶስተኛው ስኒ ያልቃል ወላሂ። የኔ እህት ልጅ አልጋ ያገኘችው ቡና ላይ ነው።

ቢላል ከፈረንጅ አራዳ

እትዬ ይቅርታ፣ እውነት ነው፣ ከታች ያለውን ሰው አላሰብኩትም ነበር። ጋሪው ካስፈለጋት የማውቀው ልጅ አለ፣ እንጨት ቤት ድረስ ያደርስላታል።

ኪራይ ላይ የተቃጠለ

ሁላችሁም ስለ እንጨቱ አወራችሁ፣ እኔ ግን አንድ ያላያችሁት ነገር አለ። ቁም ሳጥኑ የማን ነው? የበፊቱ ተከራይ ትቶት ከሄደና አከራይዋ ተጠቀሚበት ካሉ ያንቺ አልሆነም፣ አከራይዋ ደሞ ዛሬ "አውጪው" ቢሉም ነገ ተሽጦ ሲያዩ "ንብረቴን ሸጠሽ" ሊሉ ይችላሉ። እኔ ላይ ደርሷል፣ የተሰበረ የብረት አልጋ ቆራሌው ወስዶልኝ በሳምንቱ የአልጋ ዋጋ ከመያዣዬ ላይ ተቆረጠ፣ በቃል ስለነበር ምንም ማለት አልቻልኩም። ስለዚ ከመፍታትሽ በፊት አንድ ወረቀት ላይ "ክፍሉ ውስጥ ያለውን ባለ ሶስት በር ቁም ሳጥን ተከራይዋ በራሷ ወጪ እንድታነሳና እንደፈለገች እንድታደርገው ተስማምቻለሁ" ብለሽ ጽፈሽ አስፈርሚያቸው፣ ሁለት ጎረቤት ምስክር ይፈርም። ቅር አይላቸውም፣ በትህትና "እትዬ ኋላ እንዳንቀያየም ነው" በያቸው።

በነገራችን ላይ የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል በጽሁፍ ይሁን ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ሀዋሳ ስትገቢ ቤቱ ውስጥ የተገኘውን እቃ ሁሉ ውሉ ላይ አስዘርዝሪ፣ የተሰነጠቀ መስታወት ሳይቀር፣ በስልክሽም ቪድዮ ቅረጺ።

ከሰቃ የመጣሁ

ጣውላውን ፈተሽ ሀዋሳ ልውሰደው ብለሽ እንዳታስቢ። እኔ የእናቴን የዋንዛ ቡፌ ፈታትቼ አይሱዙ ላይ ስጭን ኬላ ላይ "የእንጨት ማዘዋወሪያ ፈቃድ የታለ" ተባልኩ። የቤት እቃ ነው ብል ማን ያምነኛል፣ ሲያዩት የተቆለለ ጣውላ ነው። አራት ሰአት ቆሜ ማጠፊያውንና የቁልፍ ቀዳዳውን አሳይቼ ነው ያለፍኩት። አልጋሽንም ቢሆን ከፈታሽው ከቀበሌ የእቃ ዝርዝር ያለው ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ አጽፊ፣ ቀን ስላለሽ አሁኑኑ።

ጫኝና አውራጅም እንዳትረሺ። መኪናው ደጅ ላይ ከቆመ በኋላ ዋጋ መነጋገር ማለት የጠሩትን መክፈል ነው። ከሁለት ቀን በፊት የሰፈሩን ልጆች ጠርተሽ እቃውን በአይናቸው አሳይተሽ ተስማሚ፣ "አስራ ሁለት ካርቶን፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ አልጋ" ብለሽ ቆጥረሽ።

ዋንዛ እና ቀረሮ

ስለ ቡፌው ረስቼ። ቺፕውድ መሸጥ አትድከሚ፣ ሲፈታ ብሎኑ የነበረበት ቀዳዳ ይፈርሳል፣ ሁለተኛ አይዝም። ሳትፈቺው እንዳለ ስጪው። እግሩ ቤት ሲወለወል ውሀ ጠጥቶ አብጦ ከሆነ ከታች አምስት ሳንቲም ያህል በመጋዝ አስቆርጠሽ ጡብ ላይ ቢቀመጥ ለሱቅ መደርደሪያ ይሆናል። አንድ አደራ፣ ለማገዶ ለሚፈልግ ሰው አትስጪ። የተጣበቀበት ሙጫ ፎርማልዴሃይድ አለበት፣ ከምጣድ ስር ሲነድ አይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ የኔ እናት ቁራጭ ከሱቄ እየወሰደች ስትጋግርበት ነው ሳሉ የጀመራት፣ ከዛ በኋላ አንድ ቁራጭ ከደጄ አላስወጣም።

የበቾ ቦሬዋ

እንዴት ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም፣ ሁላችሁንም አንብቤ ያላችሁትን ነው ያደረግኩት። አሁን ሰኔ 26 ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አስፈረምኩ። አከራዬ "ይሄን ያህል ነው እንዴ የማታምኚኝ" ብለው ትንሽ ከፋቸው፣ ቡና አፍልቼ ጎረቤት ባለበት ሳነብላቸው ሳቁና ፈረሙ። ከዛ ከታች በቢላ ፋቅኩት፣ ጋሼ እንዳሉት ውስጡም ያው ቀለም ነው። ሶስት እንጨት ቤት ጠየቅኩ፣ አንዱ 1000፣ አንዱ 1800፣ ሶስተኛው መጥቶ በሩን አንስቶ አሽትቶ ሲያበቃ 3000 እሰጥሻለሁ፣ ሶፋውንም በነፃ አነሳልሻለሁ አለ። ሁለት ልጆች ይዞ ትላንት ጠዋት መጣ፣ ጀርባው ሲነሳ እውነትም ዘንበል ሲል አየሁት፣ ልጄን ጎረቤት አድርጌያት ነበር እግዜር ይስጥልኝ። ከአምስት ሰአት በፊት ጣውላው በሙሉ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ነበር፣ ምንም ያልተሰነጠቀ። ከኋላው ያለው ግድግዳ እርጥበት አጥቁሮት ነበር፣ እንጨቱ ግን ምንም አልሆነም።

አከራዬ ወጥተው ጣውላውን ሲያዩ ቆም አሉና "ይሄ ዋንዛ ነበር እንዴ" አሉ። ፊታቸው ሲቀያየር አይቻለሁ፣ ግን ወረቀቱ ስላለ ምንም አላሉም። እኔም አላስቻለኝም፣ አናጺውን ለምኜ ከመደርደሪያዎቹ ሁለቱን ለማድ ቤታቸው አስቀረሁላቸው፣ ከብሩ ላይ 400 ተቀነሰ። የእርሳስ ቁጥሮቹ ያሉበትን ሰሌዳ በስልኬ አነሳሁት፣ ልጄ በጣቷ እየነካች አንድ ጊዜ ቆጠረቻቸው፣ ከዛ ጫኑት።

ፍራሹን በባትሪ አየሁት፣ ንፁህ ነው፣ የመንደራዋ እህቴ እንዳልሽው ቡና ላይ ተናግሬ ለአንዲት ገና ለወለደች ጎረቤት ሄደ። የቀበሌውን ደብዳቤ ነገ እቀበላለሁ። የቀረኝ ቡፌው ብቻ ነው፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ60፣ አራት በር፣ የግራ እግሩ አብጧል፣ ሁለት መስታወት አለው አንዱ የተሰነጠቀ ነው። ሱቅ ያለው ሰው ከፈለገ በነፃ ነው፣ ለማገዶ ግን አልሰጥም፣ እስከ ሰኔ 28 ከሰአት ቤት ነኝ፣ ቢላል የጋሪውን ልጅ ስልክ በውስጥ መስመር ላክልኝ።